ሞላ የሌላት መኪና

«ብረት ነው፤ ይተካል» ይባላል። አይተካም። መኪና ተጋጭቶ ሰው ሲተርፍ ጎረቤት ተሰብስቦ ይህን ይላል፤ ባለመኪናውም አንገቱን ነቅንቆ ይቀበላል። እኔ ያየሁት ግን ተገላቢጦሹን ነው። የእህቴ ባል ጌታቸው በሞተ በወሩ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው በወንበሩ አስቀመጠ። አዲሱ ሰውዬ ጎበዝ ነው አሉ። የጌታቸው መኪና ገላዋን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ሲቀደድ ግን ምትኩ ከባሕር ማዶ ታዝዞ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወደብ ላይ ሰንብቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ካልሆነ በቀር አይገኝም። ሰው ይተካል፤ ብረት ነው የማይተካው። ቢያንስ ወደ ጎጃም ስንነሣ እንዲህ ብዬ አምን ነበር።

የጉዞው ምክንያት ሙት ዓመት ነው። እህቴ ዓለም የባሏን ተዝካር በተወለደበት ቀዬ፣ ደብረ ወርቅ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ልታወጣ ቆረጠች። በሚኒባስ እንሂድ አልኳት። መኪናዋን አሁኑኑ ሽጫት አልኳት። የመካሪነት ችግር የለብኝም፤ ያለብኝ የሚሰማኝ ሰው ማጣት ነው።

«ጋሽ ሞላን በዚያች መኪና ፊት ወንበር ላይ ሳላስቀምጥ ተዝካር አላወጣም» አለችኝ።

ጋሽ ሞላ የጌታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው እስከ ቅኔ ቤት የዘለቁ፣ አባታቸው ሲሞት ግን ትምህርቱን ትተው ሞፈር የጨበጡ ገበሬ። ጌታቸውን አርሰው አስተማሩት። ጌታቸው ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ይህችን ቅንጡ የመስክ መኪና ገዛና ለወንድሙ ሊያሳይ ደብረ ወርቅ ወረደ። ጋሽ ሞላ ከእርሻ እንደመጡ ጭቃ በለበሰ በረባሶ ጫማቸው ሊሳፈሩ ሲሉ ጌታቸው «ቆይ ቆይ» ብሎ ከፋብሪካው ላስቲክ ያልተላቀቀው ወንበር ላይ ሌላ ላስቲክ ደርቦ አነጠፈ። ታላቅየው ላስቲኩን አይተው ተቀመጡ። መኪናዋ ጥቂት እንደሄደች ጌታቸው፦

«ጉድጓድ ሲመታን ተሰማህ? አይሰማም! ይቺ መኪና እኮ ሞላ የላትም፤ በአየር ነው የምትሄደው» አለ።

ሞላ በጋራዥ ቋንቋ መኪና ጉድጓድ ሲመታ የሚያነጥረው የተጠማዘዘ ብረት ነው። ሞላ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጡት ሰው ስም ነው። ጌታቸው ይህን አላሰበበትም፤ አዲስ አበባ ብዙ የኖረ ሰው ቃል አንድ ፊት ብቻ ያለው ይመስለዋል። ጋሽ ሞላ «አቁም» አሉ። ወረዱ።

«ሞላ የሌላት መኪና ላይ ሞላ ምን ሊያደርግ ይወጣል? በል፣ ሞላ እስኪገባላት ድረስ ደጅህን አልረግጥም።»

ቅኔ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል መኩራራት አደጋ አለው። ሌላ አገር ስድብ ይረሳል፤ ጎጃም ውስጥ ስድቡ ሁለት ትርጉም ካለው ይወረሳል። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ጌታቸው በድንገተኛ ሕመም ሞቶ አዲስ አበባ ሲቀበር ጋሽ ሞላ ለቅሶ አልመጡም። እህቴ በባሏ ሞት ካለቀሰችው ይልቅ በዚህ ያለቀሰችው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ወንድሙ ያልቆመበት ተዝካር ለእሷ ግማሽ ተዝካር ነው።

ረቡዕ

ማልደን ወጣን። የነዳሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ክፍት ነው የተባለበት ሳምንት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቀድመው ያለፉ ሹፌሮችን እየደወልን፣ እየጠየቅን ነው የተጓዝነው።

የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፣ የሌላችሁም በምኞት ታውቋታላችሁ። እውነት ለመናገር ትመቻለች። የኔ አሮጌ መኪና ፍጥነት መቀነሻ ስታልፍ ጥርሴን ታጋጫለች፤ ይህችኛዋ የሰላሌን ሜዳ እንደ ጀልባ ቀዘፈችው። የማይመቸው ወንበሩ ብቻ ነበር። ላስቲኩ አሁንም አልተነሣም። በተንቀሳቀስን ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ከሸሚዜ ጋር ተጣብቆ አብሮኝ ያልብ ጀመር።

«ለምን አናወልቀውም?» አልኳት።

«ጌታቸው 'እንዳይቆሽሽ' ብሎ የተወው ነው።»

ባሏ የተወውን ላስቲክ ማንሣት የባሏን ጋቢ ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ሆኖባት ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

ዓባይን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው መሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ዓለም እንዳላይባት ይመስል በመዳፏ ከለለቻት። «ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ተዪያት ይለኝ ነበር ጌታቸው» አለች። እንደተባለው ጠፋች። ደጀን ላይ ምሳ በላን። አዲስ አበባ ሽሮ ለማዘዝ እንኳ ወፍራም የምግብ ዝርዝር ያስታቅፉሃል፤ እዚህ አስተናጋጇ «ጾመኛ ናችሁ አይደል?» አለችና መልሳችንን ሳትጠብቅ እየተንተከተከ ያለ ሽሮ አስቀመጠችልን። ምርጫ ማጣት እንዲህ የሚያሳርፍ መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ካፊያ ነበር፤ ብርዱ እስከ አጥንት ይገባል። ያረፍነው ለተዝካሩ ይዘናቸው ልንሄድ በመጣነው በእማማ ትርፌ ቤት ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች አክስት ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ምላሳቸው ግን አልከበደም። ውሃ አሙቀው እግራችንን ካላጠብኩ ብለው ተሟገቱን። እኔ የከተማ ሰው ነኝና እግሬን ሸሸግሁ።

«ምን ያሸሽሃል? ጣት ጎድሎሃል?» አሉኝ።

ታጠብሁ። አዲስ አበባ እንግዳ ሲገባ «ጫማህን አታውልቅ፣ ግድ የለም» ይባላል፤ ግድ የለም ማለት ስለ እንግዳውም ግድ የለንም ማለት እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ። እማማ እግሬን እያደረቁ ዓለምን «ሞላን ደወልሽለት?» አሏት።

«ስልክ አያነሡልኝም፣ እማማ።»

«እናቱም እንዲሁ ግትር ነበረች» አሉ።

ሐሙስ

ጠዋት ስንነሣ መኪናዋ ተንበርክካ አገኘናት። አራቱም ጎማ ሙሉ ነው፤ ገላዋ ግን ወርዶ መሬት ሊስም ደርሷል። በብርዱ ሌሊት አየሩ ሾልኮ አልቋል። ለገበያ የሚያልፉ ሴቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር።

«ምነው ሰገደች?» አለች አንዷ።

«ጌታዋ የሞተባት ናት፤ ሐዘን ተቀምጣለች» አሉ እማማ ትርፌ።

ዓለም ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

መካኒክ ተጠራ። ሀብታሙ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ወሬ አዋቂ፣ ከመመርመሩ በፊት የሚፈርድ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፈተና ባትሪ ነው አለ። ባትሪ ተቀየረ፤ መኪናዋ አልተነሣችም። እንግዲያው ፊውዝ ነው አለ። ፊውዝም አልነበረም። በመጨረሻ ምንጣፍ ዘርግቶ ከሥሯ ገባና ድምፁ ብቻ መጣ፦ «ወይኔ! ከረጢቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ አየር የሚሞላው ሞተርም ሲታገል ኖሮ ተቃጥሏል።»

አዲስ አበባ መኪናዋን ለሸጠው ድርጅት ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ትሑት ሴት አነሣች። የሻንሲ ቁጥሩን ጠየቀች፣ ጠበቅሁ፤ «ይቅርታ፣ ዋስትናዋ አልፏል» አለችኝ። የሞት መርዶ እንኳ ከዚህ ባነሰ ጨዋነት ነው የተነገረኝ። ከዚያ የዕቃውንና የሥራውን ዋጋ ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። እማማ ትርፌ «ስንት በሬ ነው?» አሉ፤ በበሬ አስልቼ ነገርኳቸው።

«ጎጃም ይታረስበታል» አሉ። ዋስትናዋ አልፏል መባሌን ስነግራቸው ደግሞ፦ «ዋሱ ማን ነበር?»

«ድርጅቱ ነዋ።»

«ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም፣ እማማ።»

«ታዲያ ዋስ ቁሞ እየሄደ ዋስትና እንዴት ይሞታል?»

ብዙ የውል ሕግ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን አንዱም ውስጥ የለም። ዋስ በእሳቸው አገር ሰው ነው፤ ስም አለው፣ ደጅ አለው፣ ሌባው ሲጠፋ እሱ ይያዛል። የእኛ ዋስ ግን የተጻፈበት ቀን ሲደርስ እንደ ወተት ይበላሻል።

ሀብታሙ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ሌላ መንገድ አመጣ። «አየሩን እርሱት። አውጥቼ እጥለውና ሞላ ላስገባላት። አትንሳፈፍም፤ ትሄዳለች።»

«ጌታቸው በአየር የምትሄድ ናት እያለ ነበር የሚኮራባት» አለች ዓለም ከበሩ ላይ።

«እትዬ፣ እኔ ኩራት አልጠግንም፤ መኪና ነው የምጠግን።»

እኔ መሐል ገባሁ። ሞላ ከገባላት ዋጋዋ ይወድቃል፣ ገዢ አይነካትም፣ እዚሁ ትቁም፣ እኛ በሚኒባስ እንሂድ አልኩ። ዓለም ሳታየኝ «ያስገባላት» አለች።

ይህን ስታነቡ ሳትገረሙ አትቀሩም። እኔም ዛሬ ይገርመኛል። ያን ቀን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም፤ ሞላ ጋራዥ ውስጥ ብረት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ነው፤ ሁለቱ ገና አልተገናኙም።

ዓርብ

ልክ የሚሆን ሞላ ማርቆስ ውስጥ ጠፋ። ሀብታሙ፣ ይጁቤ ከተማ አንድ ነጋዴ ዘንድ አይጠፋም አለና ሁለታችን በጠዋት ሚኒባስ ሄድን። መቼም ሚኒባስ ላይ መውጣቴ አልቀረም።

ነጋዴው አቶ ኑሩ ይባላሉ። ሱቃቸው ከገበያው ዳር ነው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ገመድ፣ ኩራዝ፣ ጧፍ፣ ሁሉ አለበት። በጓሮ ደግሞ ገደል ገብቶ የተረፈ የመስክ መኪና ገዝተው አፍርሰው አስቀምጠዋል። የደረስነው ወደ ጁምዓ ሰላት ሊሄዱ ሲሉ ነበር። «ሰው ሊያወራው የመጣውን እንግዳ ትቶ አይሄድም፤ ፈጣሪውን ግን ትቶ አይቀርም። ቁጭ በሉ» ብለውን ወጡ። አዲስ አበባ ባለሱቅ ለሰላት ሲሄድ በሩን ይዘጋል፤ እኚህ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎችን ከነሱቁ ትተው ሄዱ። አንዲት ሴትዮ ሳሙና ልትገዛ መጣች፤ ሀብታሙ ሸጠላት።

ሲመለሱ ምሳ ቀረበ። ባለቤታቸው ሰሐኑን ከማስቀመጣቸው በፊት «በዘይት ነው የሠራሁት፤ ድስቱም ለብቻው ነው፤ ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ» አሉን። ምስር ነበር። ጾሜን ለመጠበቅ ከእኔ ይልቅ ያሰበልኝ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሞላዎቹ ተገኙ፤ ዝገት አለባቸው፣ ግን ደኅና ናቸው። አቶ ኑሩ ለምን እንደፈለግናቸው ሲሰሙ ከመደርደሪያው አንድ እስር ጧፍ አውርደው ጨመሩልን። «ለተዝካር ባዶ እጅ አይላክም» አሉ። ልከፍል ብል ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ሀብታሙ መልካሙን ዜና ለመናገር ቸኩሎ ዓለም ስልክ ላይ ደወለ። ዓለም ልትሳለም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ኖሮ ስልኩን ያነሡት እማማ ትርፌ ናቸው። አጠገቡ ቆሜ የሰማሁት ይህን ነው፦

«እማማ፣ ለእትዬ ዓለም ይንገሩልኝ፦ ሞላ ተገኝቷል! አዎ፣ ሞላ! ማታ ይዘነው እንመጣለን። ነገ ይገባል።»

ከስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ። ሀብታሙ ስልኩን ከጆሮው አራቀና አየኝ። «መኪናዋን ሲወዷት!» አለ።

ወደ ማታ ስንመለስ ግቢው ተጠርጎ፣ መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎ፣ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ዓለም ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። ባሏ ከሞተበት ቀን ወዲህ ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። በስተጀርባችን፣ በስተጎናችን አየች። እማማ ትርፌ ቀደሙ፦

«ሞላስ?»

ሀብታሙ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። ብረቱ ድንጋይ ላይ አረፈና አካባቢው ሁሉ አቃጨለ።

«ይኸው» አለ።

ዓለም በሩ ደፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ ጆንያውን ነካች፤ ሰው ተጠቅልሎ ይሆን እንደማለት።

«ሰው ቢሆን 'ይገባሉ' ይለኝ ነበር» አሉ እማማ ትርፌ በዝግታ። «'ይገባል' ሲል፣ አንቱታ የማያውቅ ባለጌ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ» አለ ሀብታሙ። ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ያመነው ጥፋት ይኸው ብቻ ነበር።

የባሰው ገና ነው። እማማ ደብረ ወርቅ ለደብሩ ገበዝ ደውለዋል። ሞላ ሊታረቅ ማርቆስ ገብቷል ብለዋል። ገበዙ ደግሞ የተነገረውን ሆዱ ውስጥ የሚያሳድር ሰው አይደለም።

«ጨረስኩት» አለች ዓለም። «ስሙን በሐሰት ያወራንበት ሰው ከእንግዲህ አይታረቀኝም።»

እኔ መካሪው ጆንያውን ተሸክሜ ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጥሁ።

ቅዳሜ

ሀብታሙ ከበያጅ ጋር በጠዋት መጥቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመረ። አየር ከረጢቶቹ ወጡ፤ እንደ ሞተ እባብ ቆዳ መሬት ላይ ተሰጡ። የፊተኛው ሞላ ገባ። ዓለም ሻንጣዋን አስራ ተቀምጣለች፤ ተዝካሩ ነገ ነው፣ ጋሽ ሞላ ቢኖሩም ባይኖሩም ካህናቱ ይጠብቃሉ።

እኩለ ቀን ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ በትከሻቸው ያጋደሙ ረጅም ሰው ገቡና ከደጃፉ ሳያልፉ ቆሙ። የጌታቸው ግንባር፣ የጌታቸው አፍንጫ፣ የጌታቸው ያልሆነ ጥቁረት።

«እንደምን ዋላችሁ። አልመጣሁም ልላችሁ ነው የመጣሁ።»

«እንኳንም አልመጣህ! ና ቁጭ በል» አሉ እማማ ትርፌ።

«አልቀመጥም።»

«አልቀመጥም ለማለት ነው ከደብረ ወርቅ ድረስ?»

«ገበዙ 'ሞላ ሊታረቅ ማርቆስ ገብቷል' ብሎ ለሕዝቡ አወራ። ቤቴ ቁጭ ብየ፣ መንገድ ላይ ነህ ተባልሁ። እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ የመጡ ሰዎች እኔን ሲያዩኝ ደነገጡ። ሚስቴ እንኳ 'አንተስ ማነህ?' ልትለኝ ምንም አልቀራት። ማን ነው በስሜ የላከው?»

ማንም ሳይመልስ ከመኪናዋ ሥር የሀብታሙ ድምፅ ጮኸ፦

«ሞላ ገባ!»

ጋሽ ሞላ ዘወር አሉ። «ይህ ደግሞ ማን ነው?»

እማማ ትርፌ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዓለም አልሳቀችም። ተነሥታ ፊታቸው ቆመችና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ መኪናዋ እንደተንበረከከች፣ ዋስትናዋ እንዳለቀ፣ ይጁቤ እንደተሄደ፣ ስልኩ እንዴት እንደተሰማ። ጋሽ ሞላ ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከጎማው ጀርባ እጃቸውን ሰደው ብረቱን ዳሰሱት።

«ከምን የወጣ ነው?»

«ገደል ከገባ መኪና» አለ ሀብታሙ።

«ሰዎቹስ?»

«ተርፈዋል።»

«እንግዲህ 'ብረት ነው፣ ይተካል' ተብለዋላ» አሉ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየን። «ቃሌ ሞላ እስኪገባላት ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች ዓለም።

«ገባላት።»

«ገባላት።»

«እሱ ሳያይ ገባላት።»

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ ተናገሩ፦ «መርዶውን እንደሰማሁ ተነሥቼ ነበር። ብቸና መናኸሪያ ደረስሁ። አውቶቡሱ ላይ አንድ እግሬን ካወጣሁ በኋላ ቃሌ ትዝ አለኝ። ሞላ ቃሉን በላ ይሉኛል ብየ ተመለስሁ። ያለቀስሁትም እርሻ ውስጥ ነው፤ ሰው እንዳያየኝ።»

ሕይወቴን ሙሉ ለቃላት ጥብቅና ቆሜአለሁ፤ ቅኔ የሕዝብ ሀብት ነው እያልኩም ብዙ ጽፌአለሁ። አንድ ጥሩ ቅኔ አንድን ሰው ከወንድሙ መቃብር ማስቀረት እንደሚችል አልጻፍኩም። ሰሙን የሠራ ሰው ወርቁ እጁን ያቃጥለዋል ያለኝ የለም።

ዓለም የፊት በሩን ከፈተች። ወንበሩ ላይ ያው ላስቲክ አለ፤ በጊዜ ብዛት ወይቧል። ጋሽ ሞላ አዩት፤ እሷም ሲያዩት አየች። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ያዘችውና ትቀደው ጀመር። ከሥር የተሰፋ ነው፤ እምቢ አላት። ሀብታሙ ምላጭ ቢዘረጋላት አልወሰደችም። በጥፍሯ፣ በጥርሷም ጭምር ቀደደችው። የፊቱን ስትጨርስ ዞራ የሹፌሩንም ቀደደች።

ከሥሩ ያለው ቆዳ አዲስ ነበር። የአዲስ ቆዳ ሽታው ግቢው ውስጥ ወጣ። ጌታቸው ያን ሁሉ ዓመት በነዳት መኪና ቆዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች።

በረባሷቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘች። «በጫማዎ።»

ተቀመጡ።

እማማ ትርፌን ከኋላ አስቀምጠን በደጀን ዞረን በብቸና በኩል ወደ ደብረ ወርቅ ነዳን። መኪናዋ ከእንግዲህ አትንሳፈፍም። እንደ ጭነት መኪና ትነጥራለች፤ ቢጫዋ መብራትም አየሯን እየፈለገች እስከ መጨረሻው ስትጮህብን መጣች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ እማማ «እግዚኦ» ይላሉ። ጋሽ ሞላ፣ አንዱ ጉድጓድ ከመቀመጫቸው ሲያነሣቸው፦

«ወንድሜ የሸሸው ይህንን ነበር?» አሉ።

«ይህንን ነበር፣ ጋሼ» አለች ዓለም።

«ምነው ቢነግረኝ። እኔው ሞላ ልሆንለት አብሬው እሄድ ነበር።»

ብቸና መናኸሪያውን ስናልፍ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እሑድ

የተዝካሩን ሥርዓት ለመዘርዘር አልሞክርም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ተዝካር ድንኳን ተከራይቶ፣ አብሳይ ቀጥሮ፣ በሰዓቱ የሚጀመርና በሰዓቱ የሚያልቅ ነገር ሆኗል። እዚህ ቀዬው ሁሉ ከየቤቱ አንዳንድ ነገር ተሸክሞ መጣ፤ ማን ምን እንዳመጣ የጠየቀ የለም። የአቶ ኑሩ ጧፍ ለካህናቱ ታደለ፤ ከይጁቤ ከእስላም ነጋዴ የመጣ ነው ስላቸው ገበዙ «እግዜር ይስጠው» ብሎ የመጀመሪያውን ራሱ ለኮሰ። ከዚያም ወሬውን ለማድረስ ወጣ።

ጋሽ ሞላ ሙሉ ቀን አልተቀመጡም። ወገባቸውን በመቀነት አስረው ጠላ አሳለፉ፤ የገዛ ታናሻቸውን ተዝካር እንደ ታናሽ ሆነው አስተናገዱ። የሚያላግጡ ጠፉ ማለት አይደለም። አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ዘርግተው «ሞላ፣ ዋንጫየ ጎደለ» አሏቸው። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ፤ ቅኔ ይመልሳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ሞሉላቸውና አለፉ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዕድል ማሳለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ብቻቸውን መኪናዋ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ጣሪያዋ ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ስጠጋ «ነፍስ ይማር» አሉኝ። ለሐዘንተኛ የሚባለውን ቃል፣ ሙሉ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እሳቸው ለእኔ አሉኝ። «ነፍስ ይማር» ብዬ መለስኩ። ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ነበር የሚገባው።

አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ ደላላ መኪናዋን ሊያይ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ሞላውን ሲያይ «ማን ነው እንዲህ ያበላሻት?» አለ። ዓለም ቁልፏን ከእጁ ተቀበለችው። እስካሁን አልሸጠቻትም። እኔም ሽጫት ማለቴን ትቻለሁ፤ በጉዳዩ ላይ የነበረኝ አቋም ስለተለወጠ አይደለም፣ አሁንም ሞኝነት ነው እላለሁ። ግን ያቺ መኪና መኪና መሆኗን እርግጠኛ አይደለሁም።

አንተ ግን፣ መኪናህን ስትገዛት የለበሰችውን ላስቲክ እስካሁን ያላነሣህ፣ ይህን ወረቀት አስቀምጥ። አሁን ውረድና ቅደደው። ከዚያ ወንድምህን ከነጭቃው አስቀምጠው።